ጣፊያዬን ሲገምቱት

ሕመሙ የጀመረኝ ካርቱም፣ ቡሪ የሚባል ሠፈር ውስጥ፣ ሐጃ ቤት ስሠራ ነው። ሐጃ የምላቸው አሠሪዬን ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ካርቱምም ገና ጦርነት አልገባባትም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከተማውን ደፍኖት ካለፈ በኋላ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ አውጥቼ ገመድ ላይ ልሰቅል እጄን ሳነሣ ከግራ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር ከበደኝ። ሕመም አልነበረም። ድንጋይ ኪሴ ውስጥ ከትቼ የረሳሁት ያህል ነው የተሰማኝ። ምንጣፉን ሰቀልኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ውሃ ጠጣሁ። ክብደቱ እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነገሩ እየቆየ ራሱን አሳወቀኝ። ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን በወጥ ሦስት ጉርሻ ከበላሁ ሆዴ ሞልቶ አልቀበልም ይለኛል። በግራ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ግራ ትከሻዬንም ይወጋኝ ጀመር፤ እሱን ውሃ የሞላ ባልዲ በማንሣት አሳበብኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት አሞኛል ማለት የምትችለው ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሌላዋ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች። እኔም ራሴ ሐጃ ቤት የገባሁት በአንዲት የታመመች የወሎ ልጅ ቦታ ነው።

ቀድመው ያወቁብኝ ሐጃ ናቸው፤ ያወቁት ግን የሌለ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ስተኩስ ወደ መኝታ ቤታቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሆዴን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ያ ቢት» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «እውነቱን ንገሪኝ። የማን ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ዕቃ ጠፍቶባቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ሲገባኝ፣ ወላሂ፣ ወንድ የሚባል አላውቅም አልኳቸው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት አሉኝ። በማግስቱ ይዘውኝ ላቦራቶሪ ሄዱ፤ ሽንቴ ታየ፤ እርግዝና የለም ተባለ። ሐጃ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና ሌላ ሠፈር ወዳለ ሌላ ላቦራቶሪ ወሰዱኝ። በሁለተኛው ላቦራቶሪ፣ የሽንት ዕቃ በእጄ ይዤ፣ ወንዶች በተደረደሩበት አግዳሚ ላይ ተራዬን ስጠብቅ የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እዚያም የለም ተባለ። በሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ስንመለስ ሐጃ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወሩ እንጂ ስለ እኔ ያነሡት አንድም ነገር የለም።

እርግዝና ካልሆነ ወባ ነው ተባለ። ካርቱም ውስጥ ደሙ ታይቶ ወባ የማይገኝበት ሰው ያለ አይመስለኝም። የወባ መድኃኒት ዋጥኩ፤ ጆሮዬ ጮኸ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ጎኔ እንደነበረ ነው። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ወባ ተባልኩ፤ እንደገና ዋጥኩ።

ጓደኛዬን ያገኘኋት በዚህ ጊዜ ነው። አርብ አርብ ዕረፍት ስለሆነልኝ ካላክላ ሠፈር ወዳሉት የሀገሬ ልጆች እሄዳለሁ፤ እዚያ ገበያው ዳር ካለች ትንሽ መድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ እገዛለሁ። ሻጯ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ሐበሻ ናት። ወላጆቿ በደርግ ዘመን ሸሽተው የገቡ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ዐረብኛውንም እንግሊዝኛውንም ታቀላጥፈዋለች፤ አማርኛዋ ግን እናቷ ከሞቱ ወዲህ የሚያናግራት አጥቶ ሳስቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ክኒኑን አልሰጥሽም አለችኝ። እዚያው መደርደሪያው ኋላ አስገባችኝና ጎኔን በጣቶቿ ነካችው። እጇን ወዲያው ሰበሰበች።

«ይሄ ክኒን አይፈልግም» አለች። «ይሄ ሐኪም ይፈልጋል። እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ዐረብኛ አጥቼ አይደለም። የወጥ ቤት ዐረብኛ፣ የገበያ ዐረብኛ፣ የቁጣ ዐረብኛ ሁሉንም አውቃለሁ። ስለ ራሴ ሆድ የሚወራው ዐረብኛ ግን ሌላ ቋንቋ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ሐኪሞቹም ከእኔ ይልቅ አጠገቤ ላለው ሰው መናገር ይወዳሉ። ስለዚህ አብራኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አብራኝ እንደሄደች መቁጠር ትቻለሁ።

የመጀመሪያው ሐኪም ወጣት ነበር። አስተኝቶ ሆዴን ተጫነኝና «ጢሓል» አለ፤ በእነሱ ቋንቋ ጣፊያ ማለት ነው። ጣፊያ ስለሚያብጥ ሰው ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ በሀገራችን ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ጣፊያው አበጠ ይባላል። ስለዚህ ብዙም አልደነገጥኩም። ሐኪሙ በየት በኩል ሱዳን እንደገባሁ ጠየቀኝ። በመተማ አልኩት። ከዚያስ? ገዳሪፍ አጠገብ ሁለት ወር ሰሊጥ አጭጄአለሁ አልኩ። ይህን ስናገር ራሴን በራሴ ያስያዝኩ ያህል ነበር፤ ብዕሩን አነሣና ፊቱ በራ። ካላዛር ነው አለ። በዚያ መንገድ የመጣ ሐበሻ ጣፊያው ካበጠ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ለካላዛር የደም ምርመራ ተደረገልኝ፤ የለም አለ። የደሙ ምርመራ ሊሳሳት ስለሚችል ከአጥንት ውስጥ መቅኔ ይወሰድ ተባለ። በሆዴ አስተኙኝና ከዳሌ አጥንቴ ላይ በወፍራም መርፌ መጠጡት። ያንን ሕመም መግለጽ አልችልም፤ ሰው ከውስጡ ወደ ውጭ ሲሳብ የሚሰማው ነገር ነው። ጓደኛዬ እጄን ይዛ ነበር፤ በኋላ ጣቶቿ ላይ የጥፍሬን ምልክት አሳየችኝ። ያም ውጤት የለም አለ።

ሐጃ ግን ካላዛር የሚለውን ቃል ሰምተዋል። ወደ ቤት ስመለስ ሳህኔና ብርጭቆዬ ከሌላው ተለይተው መስኮቱ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሽታው ካለም የሚተላለፈው በትንኝ መሰል ነፍሳት ንክሻ እንጂ በሳህን እንዳልሆነ ጓደኛዬ በስልክ አስረዳቻቸው። አዎ፣ አዎ፣ ገባኝ አሉ። ሳህኑ ግን ከመስኮቱ አልተነሣም። የእሳቸውን ምግብ የማበስለው እኔው ነኝ፤ በእጄ የጠፈጠፍኩትን ይበላሉ፣ ሳህኔን ይለያሉ። ይህን ነገር አስቤ አስቤ መጨረሻውን አላገኘሁትም።

ቀጥሎ ቢልሃርዝያ ተባልኩ። ሁለተኛው ሐኪም በገዚራ የመስኖ ቦዮች ውስጥ ዋኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ወንዝ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ ገዚራንም የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው አልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቢልሃርዝያ ብሎ ጻፈ። ጓደኛዬ የተናገርኩትን ደግማ ብትነግረውም ወረቀቱን ቀዶ ሰጣት። ያንንም መድኃኒት ዋጥኩ።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ያነሣኝ ሰው ነገሩን አየው። ጣፊያው ራሱ እንዳለ አላበጠም፤ ውስጡ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉበት አለ። አንድ አይደሉም፣ ብዙ ናቸው። ያኔ እፎይ ያልኩት ነገሩ የታወቀ መስሎኝ ነው። ወረቀቱን ይዘን ስንመለስ ሐኪሙ ከውሻ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ሰው የሚጋባ ትል እንዳለ፣ ትሉ በሰው አካል ውስጥ የውሃ ከረጢት እንደሚሠራ አስረዳን።

«እናንተ ቤት ውሻ ነበር?» አለ።

«ነበር» አልኩ።

«በግስ?»

«እሱም ነበር።»

«እንግዲህ በቃ» አለና ጻፈ።

የማን ቤት ነው ውሻና በግ የሌለው ልለው ፈልጌ ነበር። አላልኩትም። የትሉ የደም ምርመራ ውጤት የለም ብሎ ሲመጣም ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ ምርመራው የለም ቢልም የለም ማለት አይደለም አለን። ይህችን አባባል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከስንት ሐኪም አፍ ሰምቻታለሁ። አለ ሲል አለ ነው፤ የለም ሲልም አለ ነው። እንግዲህ መርምሩኝ የሚባለው ለምንድን ነው?

የትሉን ክኒን ለወራት ወሰድኩ። አፌ መረረኝ፣ ዐይኔ ሥር ጠቆረ፣ ጸጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ወጣ። ሐጃ ጸጉሬን ሲያዩ አዘኑልኝ፤ የራሳቸውን የጸጉር ቅባት ሰጡኝ። ደግነታቸውም እንደ ክፋታቸው ድንገት ነው የሚመጣው። በወራቱ መጨረሻ እንደገና አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ከረጢቶቹ አልቀነሱም፤ አንደኛው እንዲያውም አድጓል።

ያን ዕለት የነበሩት ሐኪም ትልቅ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ለጓደኛዬ ብቻ ተናገሩ። «ወረም» የሚል ቃል ሰማሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የሐጃ እግር ሲያብጥ ወረም ይላሉ። ጓደኛዬ ግን ፊቷ ተለወጠ። ወጥተን በረንዳው ላይ ከተቀመጥን በኋላ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት።

«ወረም አሉ። እብጠት... አይደለም፣ እብጠት ብቻ አይደለም። በአማርኛ ምን ይባላል? እናቴ ብትኖር ታውቅ ነበር።»

«ካንሰር ነው?»

«እንደዛ አላሉም።»

«አይደለም አሉ?»

«እንደዛም አላሉም።»

ተናድጄባት ነበር፤ ቃሉን ስላላገኘችልኝ፣ ቃሉን ስላገኘችብኝ፣ ሁለቱንም። ዕጢ የሚለው ቃል እሷ አፍ ላይ ጠፍቶ እኔ ራሴ ነኝ ያልኩት። «አዎ፣ ዕጢ» አለችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። እኔ የመጣልኝ ሐሳብ ሰሊጥ ያጨድኩባቸው ሁለት ወራት፣ ውሻችን፣ በጎቻችን፣ የመተማ መንገድ፣ ያን ሁሉ በከንቱ እንደ ወንጀለኛ ስናዘዝ መክረሜ ነው።

ሲቲ ስካን ታዘዘልኝ። ቀጠሮው ዕለት ካላክላ አድሬ የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ ፖሊሶች አስቆሙትና የውጭ ሰዎችን ወረቀት ማየት ጀመሩ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሐጃ ያሳድሱልኛል ብዬ፣ እሳቸውም ነገ ነገ ሲሉ። ከሌሎች ሴቶች ጋር አውርደው በፀሐይ አቆሙን። የሐኪም ማዘዣዬን አሳየሁት፤ ፖሊሱ ማዘዣውን አንብቦ በትሕትና መለሰልኝና ቆዪ አለኝ። ሐጃ ስልክ ተደውሎላቸው መጥተው ሲያስለቅቁኝ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ቀጠሮሽ አልፏል፣ ማሽኑም ከነገ ጀምሮ ይጠገናል አሉኝ። ማሽኑ እስኪጠገን ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።

ሲቲ ስካኑን የምታነበው ሐኪም ሴት ናት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ። ሌሎቹ ወረቀት ጽፈው ሲልኩኝ እሷ ወደ ጨለማዋ ክፍሏ አስገባችኝ፤ ወንበር ሳበችልኝ፤ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎኔን አየሁት። ጣፊያዬ ውስጥ ትንንሽና ትልልቅ ጥቁር ክቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ስስ ግድግዳ አለ። የወይን ዘለላ ይመስላል አለችኝ። ቀስ እያለች፣ ቀለል ባለ ዐረብኛ ነው የነገረችኝ፤ ጓደኛዬ ማስተርጎም አላስፈለጋትም።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አልኳት።

«አላውቅም።»

ያን ያህል ጊዜ ስመላለስ አላውቅም ያለኝ ሐኪም አልነበረም። አናደደኝ፤ ደግሞም አሳረፈኝ። ቀጥላ አስረዳችኝ። የትል ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ ግን መልኩ ያን አይመስልም። ክፉ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሌላው አካልሽ ንጹሕ ነው። ከሁሉ የሚመስለኝ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚገኝ፣ ክፋት የሌለው ዕጢ ነው፤ እኔ ከመጽሐፍ ውጭ አይቼው አላውቅምና ልምልልሽ አልችልም አለች።

በመርፌ ነክታችሁ ጥቂት ወስዳችሁ ለምን አታዩትም አልኳት። ጣፊያ ደም የሞላበት ነው፣ መርፌ ሲነካው ደሙ ላይቆም ይችላል፤ ከረጢቱም የትል ከሆነ ፈሶ ሆድሽን ይበክለዋል አለችኝ።

«እንግዲህ በምን ይታወቃል?»

«ሲወጣ ነው የሚታወቀው። ጣፊያው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ።»

«ክፋት የሌለው ከሆነስ?»

«ያኔ ክፋት የለውም እንልሻለን።»

«ከወጣ በኋላ።»

«ከወጣ በኋላ» አለች፤ ዐይኗን ግን አልሰበረችም።

ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት በዚያን ቀን ነው። መጀመሪያ ልጅ ነው አላችሁኝ፣ ከዚያ ወባ፣ ከዚያ የሰሊጥ ማሳ በሽታ፣ ከዚያ የቦይ፣ ከዚያ የውሻ፤ አሁን ደግሞ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ግን ቆርጠን እንየው ትሉኛላችሁ አልኳት። እርግዝና ያሉት ሐጃ እንጂ ሐኪሞቹ እንዳልሆኑ ሳውቀው ተናገርኩት። ሐኪሟ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ ትክክል ነሽ፣ ግን ማደጉን አላቆመም፤ መውደቅ ወይም መመታት ቢያጋጥምሽ ሊፈነዳ ይችላል፤ መብላትም አቅቶሻል፤ ስለዚህ መውጣቱ ለማወቅ ብቻ አይደለም አለችኝ። ያን ቀን ቀዝቅዤ ወጣሁ። ልክ መሆኗ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ።

ጣፊያ የሌለው ሰው አንዳንድ በሽታዎችን መቋቋም ስለሚያቅተው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ክትባት መውሰድ ነበረብኝ። ክትባቱ አንዱ ተገኝቶ ሌላው ጠፋ። ጓደኛዬ ከምታውቃቸው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ አፈላልጋ ኦምዱርማን አገኘችው፤ በረዶ በሞላ ፌስታል ይዛ ሁለት ሐፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ቀይራ አመጣችልኝ። ቀጥሎ ደም አምጪ ተባልኩ። ደም የሚሰጠው ዘመድ ነው። እኔ እዚያ ሀገር ዘመድ የለኝም።

አርብ ዕለት ካላክላ አብረን የምንሰበሰብ ሴቶች፣ ማዮ ሠፈር የምትኖረዋ ሻይ ሻጭ ጭምር፣ ስድስት ሆነው መጡ። የዕረፍት ቀናቸው እሱ ብቻ ነው። ተሰልፈው ጣታቸውን ተወጉ። አራቱ የራሳችሁም ደም አልበቃችሁም ተብለው ተመለሱ። ከቤታቸው ሲወጡ እጃቸውን ሂና ተቀብተው ነበር፤ እንደ ሰርግ ቤት። የተመለሱት አፍረው አንገታቸውን ደፍተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ማንም ያጠፋው ነገር ሳይኖር። ሦስት ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ሁለት ብቻ አገኘን።

ሦስተኛውን ያመጡት ሐጃ ናቸው። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ቶብ በሚሉት ሰፊ መጎናጸፊያቸው ተጠቅልለው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ባንክ ቤት የሚሠራውን የመጨረሻ ልጃቸውን ከኋላቸው አስከትለው ገቡ። ልጁ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር። «ተኛ» አሉት፣ «እጅህን ስጥ።» ተኛ፤ እጁን ሰጠ። ሐጃ እኔ ዘንድ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አዲስ የቀጠሯት ልጅ ባሚያ ማብሰል እንደማታውቅ ነገሩኝ። በእኔ ቦታ ሰው መተካቱን የሰማሁት በዚህ ዓይነት ነው።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉልኝ እኚያው ወረም ያሉት ትልቅ ሰው ናቸው። ከነቃሁ በኋላ ወጣት ሐኪሞች እየተከታተሉ መጥተው አዩኝ። የመጡት እኔን ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፤ የሚያወሩት ግን ስለወጣው ጣፊያዬ ነው። አንደኛው ስልኩ ላይ ፎቶውን ለሌላው ሲያሳየው አየሁና እኔም ልየው አልኩ። ደንግጦ ኪሱ ከተተው። ይቅርታ ጠየቀና ወጣ። የራሴን ነገር ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተባለ። በሁለት ሳምንት ጓደኛዬ ሄደች፤ የሚያነቡት ሐኪም ዕረፍት ላይ ናቸው አሏት። በሦስተኛው ሳምንት ኬሚካል አልቋል አሏት። በአራተኛው መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ አይሠራም ነበር። ከሆስፒታል የወሰደችኝ እሷ ናት፤ ካላክላ ቤቷ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ሆዴ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶ፣ ያ ሁሉ የተደረገው ለማወቅ ነበር እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ። ማስነጠስ እንኳ ትራስ ሆድ ላይ ተጭኖ ነው። ያኔ እሷን መቆጣት ጀመርኩ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ አማርኛሽ አይገባም እላታለሁ። አንድ ቀን ብርጭቆውን ቁጭ አድርጋ፣ እኔ አይደለሁም ያዘገየሁት አለችኝ። እውነቷን ነው። ይቅርታ አልኳት። ሐጃ ከለከሉኝ ብዬ ያሰብኩትን ይቅርታ እኔም ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ያኔ አየሁ።

ወረቀቱ በስድስተኛው ሳምንት ወጣ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ጓደኛዬ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች በዝምታ አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና አነበበችው። ሊምፋንጂዮማ ይላል አለችኝ። ምን ማለት ነው? ቆዪ፣ ቆዪ፣ አለችና ከታች ያለውን መስመር በጣቷ ነካች። ክፉ ሴል አልተገኘም ይላል። መሬት ላይ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ትልቁ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደስ ብሏቸው ነበር። «ወረም ሐሚድ» አሉኝ። ሐሚድ የሰው ስም ስለሆነ በሽታውን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ስም መሰለኝ፤ ጓደኛዬ ሳቀች። ሐሚድ ማለት የተመሰገነ፣ ክፋት የሌለው ማለት ነው አለችኝ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠሩልኝ፤ በሰውነት ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ቀጭን ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቧንቧዎች አሉ፤ የእኔ ጣፊያ ውስጥ እነዚያ ቧንቧዎች አሠራራቸው ተሳስቶ፣ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ፣ ከረጢት ከረጢት እየሆነ ተጠራቅሟል። ብዙ ጊዜ ሕፃናት ላይ ነው የሚገኘው አሉ፤ በዚህ ዕድሜ፣ ጣፊያ ውስጥ ብቻ፣ እሳቸውም አይተው አያውቁም።

«ከየት አመጣሁት?» አልኳቸው።

«ከየትም። ከተወለድሽ ጀምሮ አብሮሽ የነበረ ይመስለኛል።»

እንግዲህ የመተማው መንገድ አይደለም። ሰሊጡ አይደለም። ውሻው አይደለም። ሱዳን ያመጣችብኝ አይደለም፣ ሀገሬም አይደለችም። በዚያች ቅጽበት ደስ ሊለኝ ሲገባ እልህ ያዘኝ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የት እንደሄድሽ፣ ምን እንደነካሽ፣ ከማን ጋር እንደተኛሽ ስባል ከርሜ፣ መልሱ ምንም አላደረግሽም ሆኖ ተገኘ። ይህን ለሐኪሙ አልነገርኳቸውም። ደግ ሰው ናቸው፤ ለተማሪዎቻቸው ታሪክሽን ላስተምርበት ብለው ፈቃድ ጠየቁኝ። ፈቀድኩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ ከየት እንደመጣሁ ከመጠየቃቸው በፊት ፎቶውን ይዩ ብለው ይንገሩልኝ አልኩ። ጓደኛዬ ስትተረጉመው አለሳለሰችው መሰለኝ፤ ሐኪሙ ፈገግ ብለው ነው የተቀበሉት።

ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ከመታመሜ የነገርኳት ትንሹን ነበር፤ አሁን ደህና ከሆንኩ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ።

«ከተወለድሽ ጀምሮ ነው አሉሽ?»

«ይመስለናል ነው ያሉት።»

«አንቺን አርግዤ ውሃ ስቀዳ ወድቄ ነበር። እሱ ይሆን?»

አይደለም አልኳት። ማንም ያመጣው አይደለም፣ ወድቀሽም አይደለም፣ በልተሽም አይደለም፤ ቧንቧው ሲሠራ ተሳስቶ ነው አልኳት። እሺ አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስደውል ያንኑ ጠየቀችኝ። በወሩ ደግሞ እህቴ ደውላ፣ እማማ የወደቀችበትን ቀን እየቆጠረች ነው፣ ንገሪያት እንጂ አለችኝ። ነግሬአታለሁ። አላህ የጻፈው ነው በይ እስክላት ድረስ ሁሉንም መንገድ ሞክሬአለሁ። ለሐኪሞቹ ምክንያት አጥቼ ነበር የተቸገርኩት፤ ለእሷ ደግሞ ምክንያት የለም ማለት አቃተኝ።

ሐጃ ቤት አልተመለስኩም። ጠርተውኝ ነበር፤ አዲሷ ልጅ ከባዱን ታንሣ፣ አንቺ ወጥ ብቻ ሥሪ ብለውኝ ነበር። የልጃቸው ደም በሰውነቴ ውስጥ አለ፤ ያን አልረሳም። የመስኮቱን ሳህንም አልረሳም። ሳስብበት ቆይቼ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ካላክላ ሥራ አግኝቻለሁ አልኳቸው። እውነትም አግኝቼ ነበር፤ መድኃኒት ቤቱን ጠዋት ጠርጌ እከፍታለሁ፣ ካርቶን እፈታለሁ፣ ጓደኛዬ የመድኃኒቶቹን ስም እያነበበችልኝ በየመደርደሪያቸው እደረድራለሁ። እሷ የእንግሊዝኛውን ፊደል አስለየችኝ፤ እኔ እሷ የጠፋባትን አማርኛ እመልስላታለሁ።

ትኩሳት ከነካኝ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሰዓት እንኳ መጠበቅ አይፈቀድልኝም፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሮጥ አለብኝ። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ። ሁለቱም ጊዜ ያገኘሁት ሐኪም አዲስ ነበር፤ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት ነበረብኝ። ወረቀቱን አሳየዋለሁ። ሊምፋንጂዮማ የሚለውን ቃል ቀስ ብሎ ያነበዋል፤ አንገቱን ቀና ያደርግና ይህ ደግሞ ምንድን ነው ይለኛል። ተቀመጥ ልንገርህ ብዬ እጀምራለሁ።